ዳማ ግልገሉን አልቀበል ብላለች፤ ልመልሰው?

ጥያቄ፦ «ዳማ የምትባል የስድስት ዓመት ሴት ድመት አለችኝ። ገና በልጅነቷ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ሥራ ውዬ ስለምገባ ብቸኝነት እንዳያጠቃት ብዬ ከአምስት ቀን በፊት የዘጠኝ ሳምንት ወንድ ግልገል አመጣሁላት። ድመት ያሳደገ ወዳጄ ‹ዝም ብለህ አንድ ላይ ልቀቃቸው፤ ተጣልተው ተጣልተው ራሳቸው ይስማማሉ› ስላለኝ እንደገባሁ ሳሎን ውስጥ አገናኘኋቸው። ዳማ ጥርሷን አሳይታ ‹ኽስስ› አለችበት፤ አጉረመረመችበት፤ በጥፊም መታችው። እሱ ግን ጨዋታ መስሎት ጅራቷ ላይ ይዘላል፤ የሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ከሁለት ቀን ወዲህ ከአልጋዬ ሥር አትወጣም ማለት ይቻላል። ምግብ ቀንሳለች፤ ትናንት ደግሞ አልጋዬ ላይ ሸናችብኝ። ይህን ያህል ቂመኛ አትመስለኝም ነበር። ብቆጣትም ለውጥ የለም። ትለምደዋለች ብዬ ልጠብቅ ወይስ ግልገሉን ልመልሰው?»

ምላሽ፦ አይመልሱት፤ ዝም ብለውም አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ግልገሉን በር ወዳለው ክፍል ያስገቡና በሩን ይዝጉ። ነገ ዳማን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ ትውውቁን ጨርሶ እንዳልተጀመረ ቆጥረው ከሀ ይጀምራሉ። ጠቡ ገና የአምስት ቀን ነው፤ ወራት ካስቆጠረ ጥል ይልቅ ይህን ማቃናት በጣም ይቀላል።

ሐኪሙን ያስቀደምኩት ስለ ሽንቱ ነው። ድመት ሰውን ለመበቀል አልጋ ላይ አትሸናም። ከተለመደው ቦታዋ ውጭ የሸናች ድመት ወይ አሟታል፣ ወይ ወደ መጸዳጃዋ የሚወስደው መንገድ አስፈርቷታል፣ ወይ ሁለቱም ደርሰውባታል። በድመቶች ዘንድ ጭንቀት ብቻውን፣ ምንም ባክቴሪያ ሳይኖር፣ የሽንት ፊኛን ሊያስቆጣ ይችላል። እንዲህ የሆነባት ድመት ቶሎ ቶሎ ልትሸና ትቀመጣለች፤ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። ሕመሙን ከአሸዋ ሳጥኑ ጋር ስለምታያይዘው ለስለስ ያለ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። የእርስዎ አልጋ ለስላሳ ነው፤ የእርስዎ ጠረንም አለበት፤ ከተደበቀችበት ሁለት እርምጃ እንኳ አይርቅም። ሐኪሙ ሽንቷን ይመርምር። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ወንድ ድመት ያላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ወንድ ድመት ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት እንቢ ካለው የሽንት መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል ሕመም አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

የምግቡም ነገር ቀላል አይደለም። ምግብ መቀነስና ጨርሶ መተው ይለያያሉ። ዳማ አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ሐኪሙ ይወቀው፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች። መብላት የምታቆም ድመት ሰውነቷ የራሷን ስብ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቱ በስብ ሲሞላ ሥራውን ያቆማል፤ ይህ ሕይወት የሚቀጥፍ ችግር ነው። ውሻ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢውል ሰው ብዙ ላይደነግጥ ይችላል፤ በድመት ግን እንደዚያ መረጋጋት አይቻልም።

መቆጣቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ዳማ የተቆጧት አልጋ ላይ ስለሸናች መሆኑን አታውቅም። የምታውቀው ያ ትንሽ ፍጡር ከመጣ ወዲህ የእርስዎ ድምፅ እንደተለወጠ ብቻ ነው፤ ጥፋቱን የምትጽፈውም በእሱ ላይ ነው። አልጋውን ሲያጸዱ ደግሞ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ሽታው ለድመት አፍንጫ ከሽንት ጋር ይቀራረባልና ተመልሳ እዚያው ትሸናለች። የሽንትን ቅሪት በኢንዛይም የሚያፈርስ ማጽጃ ከተገኘ እሱ ይሻላል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር። «ራሳቸው ይስማማሉ» የሚለው ነገር አንዳንድ ቤት የሚሠራ ይመስላል፤ ስለዚህም አይሞትም። ነባሯ ድመት ገና ወጣት ከሆነች፣ ከሌሎች ድመቶች ጋር ካደገች፣ ቤቱም ሰፊ ከሆነ ከጥቂት ቀን ኽስታ በኋላ ነገሩ ይበርዳል። ስድስት ዓመት ብቻዋን የኖረች ድመት ላይ ግን ምክሩ ቁማር ነው። ሲሸነፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው አያየውም፤ ድመቶቹ «ተስማሙ» ይባላል፤ በእውነቱ ግን አንዷ ቤቱን ለቃ የልብስ ሣጥን ጀርባ መኖር ጀምራለች።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የድመትን ዘር ማየት ያስፈልጋል። የቤት ድመት የተገኘችው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። ይህ አውሬ ብቻውን ያድናል፤ የሚይዘው አይጥና ወፍ ለአንድ አፍ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ስለዚህ ለአደን ጓደኛ አያስፈልገውም። ብቻውን የሚያድን እንስሳ ከቆሰለ የሚያበላው የለም፤ በመሆኑም ጠብን ከመግጠም ይልቅ መራቅን ይመርጣል። የመራቂያ ዘዴው ጠረን ነው። ድመት ጉንጯን፣ አገጯን፣ ግንባሯንና ጎኗን ከዕቃ ጋር የምታሻሸው፣ በመዳፏም የምትቧጥጠው፣ ከእነዚህ ቦታዎች የሚወጣ ጠረኗን ለመተው ነው። ቤቱ በሙሉ የእሷ ጽሑፍ ያለበት ደብተር ነው ማለት ይቻላል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ በሰው ቤት በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ኖራም ይህን አልተወችም። ምግብ በሚበዛበት ቦታ ድመቶች ተሰባስበው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የእነዚህ ስብስቦች ዋና አባላት ብዙውን ጊዜ እናት፣ ሴት ልጆችና እኅትማማቾች ናቸው። አንድ ጠረን ይጋራሉ። የማያውቁት ድመት ሲመጣ እነሱም ያባርራሉ።

እንግዲህ እርስዎ ያደረጉትን በዳማ ዓይን ይመልከቱት። የሌላ ቤት ጠረን የተሸከመ እንግዳ፣ ያለምንም ማስጠንቀቂያ፣ የራሷ ጠረን በደመቀበት ሳሎን መሐል ታየ። መሸሻ አልተሰጣትም፤ እሱም መራቅን ገና አልተማረም።

«ግልገል ስለሆነ ሴቷ ድመት እንደ እናት ታየዋለች» የሚል ተስፋም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንዳንዷ ታደርገዋለች፤ ነገር ግን ሴትነት ለዚህ ዋስትና አይደለም። የእናትነት እንክብካቤ ከመውለድና ከማጥባት ጋር በሚመጡ ሆርሞኖች ይደገፋል፤ ዳማ እነዚህ የሏትም። ለእሷ ግልገሉ ሕፃን ሳይሆን ጠረኑ የማይታወቅ፣ ጅራት የሚነክስ ነገር ነው።

ስለ ብቸኝነቷም አንድ ነገር ልበል፤ ደስ ላይል ይችላል። ዳማ ጓደኛ ፈልጋ እንደነበር የሚያሳይ ነገር በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁም። ትልቅ ድመት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ትተኛለች፤ ሰው በሌለበት ቤት መተኛት ለአብዛኞቹ መከራ አይደለም። ግልገሉን የፈለጉት እርስዎ ነዎት። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ስጦታው ለእሷ እንደመጣ ማሰቡን ካላቆሙ ባለማመስገኗ ይቀየሟታል። ቀድሞ ለእሷ የነበረውን ሰዓት አይንኩት። ማታ ከእርስዎ ጋር ሶፋ ላይ የምትቀመጥ ከሆነ ያው ሰዓት፣ ያው ሶፋ፣ ግልገሉ በሌለበት፣ ይቀጥል።

ኽስታዋን በተመለከተ የተጨነቁበት ያህል አያስጨንቅም። ኽስ ማለት «አትጠጋኝ» ማለት ነው፤ ጠብ እንዳይነሣ የሚነገር ቃል ነው። ማጉረምረምም እንዲሁ። ጥፍሯን ሰብስባ በመዳፏ መምታቷም እንኳ ለግልገሉ ትምህርት ነው። ግልገሎች ከሰውና ከሌሎች ድመቶች ጋር መኖርን በዋናነት የሚማሩት ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ንክሻን መጠን መስጠትን ግን ከእናትና ከወንድም እኅት ጋር እየተጫወቱ ከዚያም በኋላ መማር ይቀጥላሉ። ብዙዎቻችን ግልገል ከእናቱ ጋር እስከ 12 ሳምንት ቢቆይ የምንመርጠው ለዚህ ነው። የእርስዎው በዘጠኝ ሳምንቱ ስለተለየ ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ቀሪውን ዳማ ላይ እየሞከረው ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ድምፅ የሌለው ጠብ ነው። አንዷ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ሌላውን ሳትነቃነቅ ስታፈጥበት፣ የበሩን መሐል ይዛ ስትጋደም፣ ወደ ሳጥኑ ወይም ወደ ውኃው የሚሄደው ድመት እሷን አይቶ ሲመለስ፣ ሰው ይህን ሰላም ነው ብሎ ያልፈዋል። ጠቡ ግን እየተካሄደ ነው። እርስዎ ቤት ውስጥ በርዋን የያዘው ግልገሉ ነው፤ ክፋት የለበትም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ዳማ ከአልጋ ሥር ወጥታ ወደ ሳጥኗ ለመሄድ ሞክራ፣ መንገድ ላይ ጅራቷ ተይዞ፣ ተመልሳ ገብታ ሊሆን እንደሚችል ሳላይ እገምታለሁ።

ክፍል የመለየቱ ሁለተኛ ጥቅም ጤና ነው፤ በመጀመሪያም መደረግ የነበረበት ለዚህ ነው። ከውጭ የመጣ ግልገል ጤነኛ መስሎ ሕመም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትለው የፓንሉኮፔንያ ቫይረስ፣ ድመትን እንደ ጉንፋን የሚያስነጥሱት የሄርፒስና የካሊሲ ቫይረሶች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሳቸውን ይገልጣሉ፤ ጭርት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ትንሹ ገደብ ነው። አምስት ቀን አብረው ስለቆዩ «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» አይበሉ፤ አሁን መለየትም ከምንም ይሻላል፤ ለሐኪሙ ግን አብረው መቆየታቸውን ይንገሩት፤ የዳማም ክትባት ያለፈበት መሆኑና አለመሆኑ ይታይ። ግልገሉ የድመት ሉኬሚያ ቫይረስ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በምራቅ፣ በመላላስና ሰሐን በመጋራት ይተላለፋልና። በቅርቡ የተያዘ ከሆነ የመጀመሪያው ምርመራ ላያገኘው ስለሚችል ከ30 ቀን በኋላ ይደገማል። የድመትን የመከላከል አቅም የሚያዳክመው ቫይረስ ምርመራ በግልገልነት «አለበት» ቢል አይደንግጡ፤ ከእናት የተወረሰ ፀረ እንግዳ አካል እስከ ስድስት ወር ድረስ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ይደገም። ዋና ዋናዎቹ ክትባቶች ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ጀምረው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሰጣሉ። አንዴ ተከትቧል የሚል ወረቀት ይዞ መምጣቱ ስለዚህ አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል።

ቁንጫና የአንጀት ትላትል በግልገል ላይ ብርቅ አይደሉም፤ ለሁለቱም መድኃኒቱን ሐኪም በክብደቱ ልክ ይስጥ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት በድመት ላይ በፍጹም አይጠቀሙ። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው፤ ውሻ የሚችለው መጠን ድመትን ያንቀጠቅጣል፤ ይገድላልም።

የግልገሉ ክፍል ዳማ የማትወደው ይሁን። እሷ የምትተኛበትን መኝታ ቤት ለእሱ ከሰጡ ግዛቷን ቆርሰው ሸለሙበት ማለት ነው። ምግብ፣ ውኃ፣ መደበቂያ ካርቶን፣ የሚቧጥጠው ነገር፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ የአሸዋ ሳጥን ያስገቡለት፤ ውኃ ሲነካው የሚጠጥር አሸዋ ግልገል ሊውጠው ስለሚችል ለጊዜው የማይጠጥረውን ይምረጡ። ምግቡና ሳጥኑ በተለያየ ጥግ ይሁኑ። እርስዎም በቀን ብዙ ጊዜ ገብተው ያጫውቱት፤ በዚህ ዕድሜ ያለሰው የሚያድግ ግልገል ሌላ ችግር ይሆናል።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ምንም አያድርጉ። ዳማ ከአልጋ ሥር ትውጣ፣ ቤቷን ትዙር፣ ጉንጯን በየማዕዘኑ ታሻሽ፣ እንደ ወትሮዋ ትብላ። አይጎትቷት፤ አውጥተውም ወደ በሩ አይውሰዷት። እንደ ወትሮዋ እስክትበላና በሳጥኗ እስክትጠቀም ድረስ ቀጣዩ ደረጃ አይጀመርም። ይህ ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፤ አሥርም ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩ የጠረን ትውውቅ ነው፤ ሰዎች ሰነፍ ሆነው የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ይያዙና የግልገሉን ጉንጭና አገጭ በቀስታ ያሻሹበት። ጨርቁን ዳማ በምታልፍበት ቦታ ወለሉ ላይ ያኑሩት፤ ምግቧ አጠገብና መኝታዋ ላይ ግን አይሁን። ቆማ ታያለች፤ አንገቷን ዘርግታ ከሩቅ ታሸታለች፤ ምናልባት ኽስ ብላ ትሄዳለች። ጨርቁ እዚያው ይደር፤ በማግስቱ አዲስ ይተካ። አንድ ቀን አሽትታ በግድየለሽነት አልፋው ስትሄድ፣ ወይም ጉንጯን ስታሻሽበት ያያሉ፤ የጠበቁት ምልክት እሱ ነው። በሌላ ጨርቅ የእሷን ጠረን ለግልገሉ ይውሰዱ። ከዚያ ቦታ ያለዋውጧቸው፦ ዳማ የእሱን ክፍል በሰላም ትፈትሽ፣ እሱ ደግሞ ሳሎኑን ይዙር፤ ዓይን ለዓይን ግን አይገናኙ። በጤናው የሁለት ሳምንት ገደብ ውስጥ ከሆኑና ሐኪሙ የሚያጠራጥር ነገር ካየ ይህ መለዋወጥ ይዘግይ።

ከዚያ ምግብ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ። ግልገል በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስለሚበላ ዕድሉ አያልቅም። የዳማን ሰሐን መጀመሪያ ከበሩ ሁለት ሜትር ያህል ያርቁት። ጆሮዋን ይመልከቱ፤ እየበላች አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ በሩ ካዞረች ጥሩ ነው። በጎረሰች ቁጥር ቀና ብላ በሩን የምታይ፣ ወይም ጥድፍ ጥድፍ ብላ የምትበላ ከሆነ ቀርቧታል፤ ያርቁላት። ዘና ብላ እስክትበላ እዚያው ይቆዩ፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ስንዝር ያቅርቡት። ሰሐኖቹ በሩን ሊነኩ ሲደርሱ በሩን በአንድ ጣት ስፋት ከፍተው እንዳይሰፋ ያስይዙት፤ ወይም የሽቦ ወንፊት ያቁሙ፤ እየበሉ ይተያዩ፤ በልተው ሲጨርሱ ይዘጋ። አንድ ጥንቃቄ፦ ግልገሉ የግልገል ምግብ እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ ያስፈልገዋል፤ ለዳማ ግን ይህ ምግብ ጉልበቱ ስለሚበዛ ያወፍራታል፤ ሰሐኑን ሳትደርስበት ያንሡት።

ያለ በር የሚደረገው የመጀመሪያ ግንኙነት አምስት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በፊት ግልገሉን በላባ ወይም በገመድ እስኪደክም ያጫውቱት፤ ምግብም ይብላ። ጠግቦ የደከመ ግልገል ጅራት አያሳድድም። ዳማ ከፍ ያለ መቀመጫና የተከፈተ መውጫ ይኑራት። አቅፈው አያገናኟቸው፤ እቅፍ ውስጥ ያለች ድመት መሸሻ ስለሌላት በጥፍሯ የምትቀደው እርስዎን ነው። ግልገሉ ወደ እሷ ሲሮጥ ላባውን ወርውረው ዓይኑን ወደ ሌላ ይሳቡት። ኽስ ብትል ዝም ይበሉ። ሁለቱም ገና እንደተረጋጉ ይለያዩአቸው፤ ጠብ እስኪነሣ ከጠበቁ የሚያስታውሱት ጠቡን ነው። ጊዜውን ቀስ በቀስ ያርዝሙ፤ እርስዎ ከቤት ሲወጡና ሌሊት ግን ለብዙ ሳምንት ይለያዩ።

ጨዋታን ከጠብ ለመለየት ተራውን ይመልከቱ። በጨዋታ አንዱ ያሳድዳል፤ ቆይቶ የተሳደደው ያሳድዳል፤ ጥፍር አይወጣም፤ ድምፅም እምብዛም የለም፤ በመሐል ቆም ይላሉ። ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚሸሽ ከሆነ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ከተለጠፈ፣ ጠጉር ከቆመ፣ ጩኸት ካለ ጨዋታው አልቋል። በዚህ ጊዜ እጅ መሐል አይግባ። ካርቶን ወይም ትራስ በመሐላቸው ያስገቡ፤ አንዱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ይውሰዱ። የተቆጣች ድመት ቁጣዋን በአቅራቢያዋ ወዳገኘችው ማዞሯ የተለመደ ስለሆነ እስክትበርድ ድረስ፣ አንዳንዴም ሰዓታት፣ ለማባበል አይጠጉ። የድመት ንክሻ ቀዳዳው ጠባብ፣ ጥልቀቱ ብዙ ስለሆነ በቀላሉ ያመረቅዛል። ከተነከሱ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በተለይ ክትባቱን ያልጨረሰ ድመት ከሆነ።

ቤቱም ለሁለት ድመት መደራጀት አለበት። ለሁለት ድመት ሦስት የአሸዋ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ሦስቱም አንድ ግድግዳ ሥር ከተደረደሩ ግን ለድመት አንድ ሳጥን ናቸው፤ አንድ ጠባቂ ሦስቱን ይዘጋቸዋልና። በተለያየ ክፍል ይሁኑ፤ ቢቻል አንዱ ዳማ ስትሸና በሩን የምታይበት ቦታ ይሁን። የምግብ ሰሐኖች ሲበሉ በማይተያዩበት ይቀመጡ። ድመቶች ጎን ለጎን ሲበሉ ለሰው ዓይን ደስ ይላል፤ ብዙዎቹ ግን የሚችሉት እንጂ የሚወዱት አይደለም። ግልገሉ ገና ሊወጣበት የማይችል ከፍታ ለዳማ ያዘጋጁ፤ ለጊዜው ከምንም ነገር በላይ የሚያሳርፋት እሱ ነው።

በሶኬት እየተሰኩ ፌሮሞን (ድመትን ያረጋጋል የሚባል የጠረን ንጥረ ነገር) የሚረጩ ዕቃዎችን የሚጠይቁኝ አሉ። አንዳንዷን ድመት ይረዳሉ፤ ማስረጃው ግን ወጥ አይደለም፤ ጉዳትም የላቸውም። የበሩን ሥራ ግን አይተኩም፤ ገንዘብ የሚያንስዎት ከሆነ ሦስተኛውን ሳጥን ይግዙበት። ማረጋጊያ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፣ ያውም ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ይሁን። ለሰው የታዘዘ ክኒን አይሞከርም። ሌላ ሰው ደግሞ «የሚያጫውተው ሁለተኛ ግልገል ጨምር» ሊልዎት ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ አምጥተው ቢሆን ኖሮ እርስ በርስ ተጫውተው ዳማን ያሳርፏት ነበር፤ አሁን ግን በአንዱ የታመመች ድመት ላይ ሌላ እንግዳ አይጨመርም።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ይፈጃል? ጥቂት ሳምንት ከፈጀ ደግ ነው፤ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ወደ ኋላ የሚመለሱበት ቀን ይኖራል፤ በዚያ ቀን አንድ ደረጃ ብቻ ይመለሱ፤ ከሀ መጀመር አያስፈልግም። መድረሻውንም አያጋንኑት። ተቃቅፈው የሚተኙና የሚላላሱ ድመቶች አሉ፤ ዳማና ግልገሉ ግን በአንድ ክፍል ተራርቀው ተኝተው፣ ሲተላለፉ ሳይፈራሩ፣ እያንዳንዳቸው በልተውና በሳጥናቸው ተጠቅመው ከዋሉ ተሳክቷል ማለት ነው። ከዚህ በላይ የመጣው ትርፍ ነው።

የማይሳካበትም ጊዜ አለ። ሁለት ሦስት ወር በሥርዓቱ ተሞክሮ ዳማ አሁንም የምትደበቅ፣ ራሷን እየላሰች ጠጉሯን የምትመልጥ፣ ከሳጥን ውጭ የምትሸና ወይም የምትከሳ ከሆነ፣ ወይም ደም የሚያፈስ ጠብ ከተደጋገመ፣ ያኔ ለግልገሉ ሌላ ጥሩ ቤት መፈለግ ጭካኔ አይሆንም። የሚሄደው እሱ ይሁን፤ ገና ትንሽ ስለሆነ አዲስ ቤት ቶሎ ይለምዳል። ሜዳ ላይ መልቀቅ ግን መልስ አይደለም። ዛሬ ልመልሰው ላሉት ጥያቄ አይሆንም ያልኩት በትክክል ያልተሞከረ ነገር ስላልከሸፈ ነው።

ነገ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ለግልገሉ የማኮላሻ ቀጠሮ ከአሁኑ ይያዙለት። አምስት ወር ሳይሞላው ቢደረግ ይመረጣል። ወንድ ድመት ሲጎረምስ በየግድግዳው ሽንቱን መርጨትና ዳማ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ እሷ ባትወልድም ይህ አያስቀረውም፤ በብዙ ትዕግሥት የተገነባውም ሰላም በዚያ ሰሞን ይፈርሳል። ያንን ቀን አያሳልፉት።